ጣሪያው ዝቅ ላለ ክፍል ትልቅ ፍሬዛ ስመርጥ

ሰላም የብረት ወዳጆች፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ሰሞኑን በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚፈለፍል ማሽን) ለአንድ ወፍጮ ቤት 30 ሚሊ ሻፍት ላይ ስፋቱ 8 ሚሊ ጥልቀቱ 4 ሚሊ የሆነ የኪያቬታ (ሻፍቱና ላዩ ላይ የሚገባው ጎማ አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፍ ቁራጭ ብረት) ቦይ አወጣሁና ኪያቬታው በአውራ ጣቴ ተገፍቶ ልክክ ብሎ ሲገባ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው።

አጀማመሬን አላስረዝመውም። መጀመሪያ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ላይ መስቀለኛ ሞርሳ (ሥራውን ነክሶ በሁለት አቅጣጫ የሚንሸራተት) አስሬ ነበር የምፈርዘው፣ ይሄን ለማንም አልመክርም፣ ማንድሪኖው (መብሻውን የሚነክሰው ክፍል) የተያዘው በኮኑ (በሾጣጣ ጫፉ) ሰበቃ ብቻ ስለሆነ ከጎን ሲገፋ እየተንቀጠቀጠ ይወልቃል። ከዛ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፍሬዛ አገኘሁ። አሉሚኒየምና ናስ ላይ ቆንጆ ናት፣ ብረት ላይ ግን ትንሽ ጠለቅ ስታደርጓት ትጮሃለች። ስለዚህ ትልቅ ማሽን መፈለግ ጀመርኩ፣ ችግሩም እዚህ ጋ ነው የመጣው።

የምሠራው ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው፣ ከሊሾው እስከ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ20። ልቤ ያረፈበት የብሪጅፖርት ዓይነት ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው። በወረቀት ይገባል። ይሄን በፍሬዛ ላይ ላረጁ አንድ ጋሼ ስነግራቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ድሮባሩን የምትመታው መዶሻ በየት በኩል ሊያልፍ ነው?» ብለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ብሪጅፖርቱ በአር 8 ኮን (የመቁረጫ መያዣ ዓይነት ነው) የሚሠራ ማሽን ላይ ኮሌቱን (መቁረጫውን የሚነክሰውን) ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው በስፒንድሉ (በሚሽከረከረው ዘንግ) ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ረጅም ቡሎን ነው፣ ድሮባር የሚሉት። መቁረጫ ለመቀየር አናቱን በቁልፍ ትንሽ ታላሉና ኮኑ እንዲለቅ ከላይ በመዶሻ ጠቅ ታደርጉታላችሁ። ስለዚህ ከማሽኑ አናት በላይ ቁልፍ፣ እጅና መዶሻ አብረው መግባት አለባቸው፣ 10 ሳንቲ ላይ ይሄ አይታሰብም። በቀን ስንት ጊዜ መቁረጫ እንደምትቀይሩ አስቡት። ድሮባሩ ራሱ ተበላሽቶ ይውጣ ቢባል ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚመዘዘው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

«ታዲያ ራሱ (ሞተሩና መቁረጫው ያለበት የላይኛው ክፍል) ኮለን (ቋሚ ምሰሶው) ላይ የሚወጣና የሚወርድ አነስ ያለ ማሽን ግዛ» ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ 300 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑትን ማለታቸው ነው። እኔ አልስማማም። እነሱ ላይ ረጅም ፑንታ (መብሻ) ስታስሩ ራሱን ከፍ ማድረግ ግድ ነው፣ ያኔ ሞተሩ አብሮ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል፣ ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁመት ሳይሆን ራሱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ያለውን ለኩ። ማሽኑ የሚቆምበትን መቀመጫ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መሥራት ነው። ኮለኑ ክብ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት፣ ራሱን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ወደ ጎን ስለሚዞር የያዛችሁት ዜሮ (የልኬት መነሻ) ይጠፋል። ኒ ሚል (የብሪጅፖርት ዓይነቱ) ላይ ግን ከፍ ዝቅ የሚለው ጠረጴዛው ነው፣ አናቱ ካለበት አይነቃነቅም፣ አንዴ ከገባ ገባ። ለአጭር ክፍል ትልቁ ማሽን የተሻለ ነው የምለው ለዚህ ነው። ስትመርጡም ፍጥነቱ በቺንጋ ደረጃ የሚቀየረውን እዩ፣ ቫሪ ስፒድ (ቺንጋ ሳይነካ ፍጥነቱ የሚቀየር) ያለው ራስ ከሱ ይረዝማል።

ወለሉን ቆፍረህ አስገባው ያሉኝም ነበሩ። የኛ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ እዛ ላይ 900 ኪሎ ብረት አስቀምጦ ውሃ ልኩ ይጠበቃል ማለት ዘበት ነው። ቢጠበቅስ ዝቅ ያለውን እጀታ ለማዞር ወገብ ያስፈልጋል።

እኔ የከፈትኩት ኮርኒሱን ነው። በድሮባሩ ትክክል በሁለቱ የጣሪያ እንጨቶች መሀል ያለውን ችፑድ ብቻ አነሳሁ፣ አግዳሚ እንጨት ፈጽሞ አልቆረጥኩም፣ እናንተም እንዳትቆርጡ፣ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። አሁን ከአናቱ በላይ ግማሽ ሜትር አለኝ፣ መዶሻው እንደልቡ ነው። ግን የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቃላችሁ፣ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከስር ያልበዋል፣ ጠዋት ሳየው ድሮባሩ አናት ላይ ጠብታ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቀይ ነጠብጣብ ዝገት። መፍትሄው ክፍቱን ወደ ላይ በኮምፔንሳቶ ሳጥን መዝጋት ሆነ፣ ከላዩ ፎም፣ መጋጠሚያው በሙጫ፣ የክፍሉ እርጥበት ከቆርቆሮው ጋር እንዳይገናኝ። ጠረጴዛውንም ማታ ማታ ዘይት ቀብቼ በአቡጀዲድ እሸፍነዋለሁ። ላስቲክ አታልብሱ፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

በሩ አጭር ስለሆነ የማሽኑን ራስ ወደ ታች ገልብጠን፣ በቧንቧ ላይ እያንከባለልን በክሪክ እየደገፍን ነው ያስገባነው። መገልበጡ ክብደቱንም ወደ ታች ስለሚያወርደው የመውደቅ አደጋው ይቀንሳል። ከዛ በኋላ ግን ራሱን ከጠረጴዛው ጋር በዳያል (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ መለኪያ) ማስተካከል የግድ ነው፣ ቡሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቃችሁ፣ ትዕግስት ይፈልጋል።

የመብራቱ ነገር፦ ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ ከሆነ ኢንቬርተር ያስፈልጋችኋል፣ ከ220 ገብቶ ሦስት ፌዝ 220 የሚያወጣው። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ 220/380 ካለ በዴልታ (ሽቦዎቹ በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ይታሰራል፣ ይሠራል። 380/660 ካለ ግን በዚህ ኢንቬርተር ጉልበት አይኖረውም። ሌላው፣ ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንቬርተሩ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 ፐርሰንት ገደማ ቀንሱ ይላሉ። 1.5 ኪሎዋት ሞተር ከሆነ 2.2 ኪሎዋት ኢንቬርተር ግዙ።

ለመግዛት ያሰበ ካለ ብር ከመክፈሉ በፊት የክፍሉን ቁመትና የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ ይላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።