የስፓኒሽ የፍቅር ቃላትን እንዴት ለመድኩ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ሀበሻም የኤልሳልቫዶር ሰውም የሞላበት አካባቢ ስለሆነ፣ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ስፓኒሽ እሰማለሁ። የሥራውን ቃል ቶሎ ለመድኩት። በእረፍት ሰዓት የሚወራው ግን አመለጠኝ፤ አብዛኛው የፍቅር ወሬ ነው።

ቃላቱን በፊደል ተራ አልጻፍኳቸውም። ፍቅር በሚሄድበት ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። መጀመሪያ «ሜ ጉስታስ» (ደስ ትይኛለሽ)፣ ቀጥሎ «ቴ ኪዬሮ» (እወድሻለሁ)፣ መጨረሻ «ቴ አሞ» (አፈቅርሻለሁ)። «ቴ ኪዬሮ» ለእናትም፣ ለልብ ጓደኛም፣ ለፍቅረኛም ይባላል። «ቴ አሞ» ከበድ ይላል፤ ብዙዎች በቀላሉ ከአፋቸው አያወጡትም።

«ሜ ጉስታስ» እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሲያስቸግር አያለሁ። ለእኛ ግን ቁልጭ ያለ «ደስ ትይኛለሽ» ነው፤ አሠራሩ ሳይቀር አንድ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ፣ በቀጥታ ከአማርኛ ግቡ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ናፍቆት ላይ ነው። እኛ «ናፈቅሽኝ» ስንል አድራጊዋ እሷ ናት። በስፓኒሽ «ቴ ኤክስትራኞ» ሲባል ግን ናፋቂው ራሱ ነው አድራጊው። ይህን ጮክ ብሎ ደጋግሞ ከማለት ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ጾታውም ቦታ ይቀይራል። እኛ «እወድሃለሁ»፣ «እወድሻለሁ» ብለን ግሡ ላይ እንለያለን። «ቴ ኪዬሮ» ለሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ መጠሪያው ላይ ይመጣል፦ ወንዱ ፍቅረኛ «ኖቢዮ»፣ ሴቷ «ኖቢያ»። በሠርጋቸው ቀን ሙሽሮቹም የሚጠሩት በዚሁ ነው። «ሚ አሞር» እና «ሚ ቢዳ»፣ ማለትም ፍቅሬና ሕይወቴ፣ ለወንድም ለሴትም አይለወጡም። «ሚ አሞር» ደግሞ የፍቅረኛ ብቻ አይደለም። ፑፑሳ፣ ማለትም የኤልሳልቫዶርን በውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ የምትሸጥ እናት ለማታውቀው ደንበኛም ትለዋለች፤ የእኛ እናቶች «የኔ ልጅ» እንደሚሉት።

ጆሮዬን የከፈተልኝ ቦሌሮ ነው። ኩባ የተወለደ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የገነነ ዘፈን ነው፤ ዩኔስኮም በ2023 የሁለቱ አገሮች ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቀስ ብሎ ስለሚዜም እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ይሰማል። «ኮራሶን»፣ «ቤሶ»፣ «ኦልቢዶ»፤ ልብ፣ መሳም፣ መርሳት። ሌላው የላቲን የፍቅር ዘፈን ባቻታ ይፈጥናል፣ ለጀማሪ አልመክረውም። አንድ ስንኝ ሙሉውን በቃሌ ስይዝ ሰዋስዉም አብሮ ይገባኛል፤ ነጠላ ቃል ግን በማግስቱ ይጠፋል።

ከቃሉ ጎን የሰማሁበትን አገር እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ያው ፍቅረኛ ቺሌ ሲደርስ «ፖሎሎ» ይሆናል። ፔሩ ላይ «ኤናሞራዶ» ይባላል፤ «ኖቢዮ» እዚያ ለማግባት የተጫጨ ሰው ነው። አሁን የኮሎምቢያን ገጽ እየሞላሁ ነው። እነሱ የፍቅርና የጓደኝነት ቀን የሚያከብሩት በየካቲት ሳይሆን በእኛ መስከረም ነው፣ ስለዚህ ከአዲስ ዓመት በፊት የመልካም ምኞት ቃላቱን መጨረስ አለብኝ።