የወሎን ቱሪዝም መጪ ጊዜ ባለሙያዎችን ጠይቄ የተነበይኩበት መንገድ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥኩት ርእስ፣ ደሴንና አካባቢዋን መነሻ አድርጎ፣ የአገራችን ቱሪዝም በመጪዎቹ ዓመታት ወዴት እንደሚያመራ መተንበይ ነበር። ያለፉትን ዓመታት የጎብኚ ቁጥር አያይዞ ወደፊት ማስቀጠል የተለመደ ቢሆንም፣ በ2012 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝና በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰው ጦርነት መስመሩን ስለበጠሱት፣ የቀረኝ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን ግምት ማሰባሰብ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል። አስጎብኚዎችን፣ የሆቴል ባለቤቶችንና ሹፌሮችን፣ በድምሩ 14 ሰዎች፣ ቡና አስፈልቼ በአንድ አዳራሽ ሰበሰብኩ። በዕድሜ የገፉት የሆቴል ባለቤት «የውጭ ጎብኚ በ5 ዓመት ውስጥ እንደ ድሮው ይመለሳል» ካሉ በኋላ ግን ቀጥሎ የተናገረው ሁሉ «ጋሼ እንዳሉት» እያለ ጀመረ። የአንድ ሰው ግምት ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ ወደ ዴልፊ ዘዴ ዞርኩ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ኦላፍ ሄልመርና ኖርማን ዳልኪ ለወታደራዊ ትንበያ ያዳበሩት ሲሆን፣ ስያሜው ከጥንታዊቷ የግሪክ የንግርት ስፍራ የተወሰደ ነው። ባለሙያዎቹ ሳይገናኙ እያንዳንዳቸው ግምታቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ አጥኚው የመልሶቹን መካከለኛና ስርጭት ስም ሳይጠቅስ ያሳያቸዋል፤ በቀጣዩ ዙር የፈለገ ሐሳቡን ያሻሽላል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ የእጅ ጽሑፍም ማንነትን ስለሚያሳብቅ፣ በፖስታ የተመለሰልኝን ሁሉ በኮምፒውተር መገልበጥ ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ዙር ስለ ጎብኚ ብዛት ከተሰጡት ግምቶች አንዱ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ነበር። ስሕተት መስሎኝ ልጥለው ከቃጣኝ በኋላ ምክንያቱን ሳነብ አፈርኩ። ሌሎቹ «ጎብኚ» ያልኩትን ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ደሴ የሚያድር ፈረንጅ አድርገው ሲረዱት፣ እኚህ ሹፌር ግን መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ሊሳለም የሚጎርፈውንና ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚወጣውን ሕዝብ ቆጥረዋል። በዓለም አቀፉ አተረጓጎም ከሚኖርበት አካባቢ ወጥቶ የሚያድር መንፈሳዊ ተጓዥም ቱሪስት በመሆኑ፣ ጉድለቱ የመጠይቄ ነበር። ጥያቄውን ለሁለት ከፍዬ የውጭውንና የአገር ውስጡን ለየብቻ ጠየቅሁ።

በሦስተኛው ዙር የአገር ውስጡ ግምት ሲቀራረብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ቁጥራቸውን ከለወጡት አብዛኞቹ አንድም አዲስ ምክንያት እንዳልጻፉ አስተዋልኩ። መጠይቅ የሰለቸው ሰውም ይስማማል። ከዚያ ወዲህ ያለ ምክንያት የተለወጠ ግምት ሲደርሰኝ የፊተኛውን ነው የምይዘው።

ስለ ውጭ ጎብኚ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ከ14ቱ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ሰላም ከሆነ 5 ዓመት ይበቃል ሲሉ፣ ግማሾቹ አስጎብኚ ድርጅቶች አንዴ ከመርሐ ግብራቸው ያወጡትን መንገድ ለመመለስ 10 ዓመት ይፈጃል አሉ። መካከለኛው ሰባት ዓመት ተኩል ይወጣል፤ ይህን ግን አንድም ባለሙያ አልሰጠውም። ሁለቱን ግምቶች ከነምክንያታቸው ለየብቻ አቀረብኩ። ፈታኞቹ «ታዲያ ትንበያህ የትኛው ነው?» ሲሉኝ «ሁለቱም» ብዬ መለስኩ፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጨምሬ እንድመለስ አዘዙኝ።