የኳንተም መረጃን መመስጠርና ማሸግ፦ በላፕቶፕ ላይ እንዴት ሠራሁት

ሙከራው ቀላል ነው፦ አንዲት ኩቢት (0፣ 1 ወይም የሁለቱ ድብልቅ መሆን የምትችል የኳንተም መረጃ አሃድ) ከላኪ ወደ ተቀባይ ትሄዳለች፣ መንገድ ላይ አጥቂ እጁን ያስገባል። ምስጠራው እንዳያነብባት፣ ማሸጉ ደግሞ ቢነካካት እንዲታወቅ ነው። ሁሉንም በቂስኪት (የኳንተም ሰርኪዩት መጻፊያ ሶፍትዌር) ሲሙሌሽን ነው የሠራሁት።

መጀመሪያ ምስጠራውን ብቻ አስገባሁ። ለእያንዳንዷ ኩቢት ሁለት የቁልፍ ቢት ይወጣል፤ አንደኛው 1 ከሆነ የኤክስ ጌት (0ንና 1ን የሚያለዋውጥ)፣ ሁለተኛው 1 ከሆነ የዜድ ጌት (የ1ን ምልክት ከ+ ወደ − የሚቀይር) ይደረጋል። ቁልፉ አንዴ ብቻ እስካገለገለ ድረስ አጥቂው የቱንም ያህል ኮምፒውተር ቢኖረው ምንም አያነብባትም። ሳያነብ ኤክስ ቢጨምርባትስ? ኤክስና ዜድ ቅደም ተከተላቸው ቢለወጥ የሚመጣው ውጤቱን የማይነካ የ+/− ምልክት ለውጥ ብቻ ስለሆነ፣ ተቀባዩ ሲፈታ የአጥቂው ኤክስ እንዳለ ይቀራል። 0 የተላከው 1 ሆኖ ይደርሳል፤ የሚነቃ የለም።

ለዚህ መፍትሔው የክሊፎርድ ኮድ ነው። ከመረጃዋ ጎን 0 ላይ የተዘጋጁ የወጥመድ ኩቢቶችን ደረደርኩ፤ ከዚያ በሁሉም ላይ አንድ ላይ፣ በእኩል ዕድል የተመረጠ የክሊፎርድ ሰርኪዩት (የኤክስና የዜድ ለውጦችን እርስ በርስ የሚያቀያይር የጌቶች ጥምር) አስኬድኩ። የትኛው ሰርኪዩት እንደሆነ ነው ቁልፉ። ተቀባዩ ሰርኪዩቱን ወደኋላ ያስኬድና ወጥመዶቹን ይለካል፤ አንዷ እንኳ 1 ካለች ሁሉንም ይጥላል። አጥቂው የጨመረው የፓውሊ ለውጥ (በኩቢቶቹ ላይ ኤክስ፣ ዜድ ወይም ሁለቱም) በዚህ ሲያልፍ ወደ የትኛውም የፓውሊ ለውጥ በእኩል ዕድል ይቀየራል። በአንድ ወጥመድ 15 ዓይነት ለውጥ አለ፤ 6ቱ ወጥመዱን 1 ሳያደርጉ መረጃውን ያበላሻሉ፣ 40 በመቶ ማለት ነው። በሁለት ወጥመድ 12 ከ63፣ በአምስት 96 ከ4095 ይሆናል፤ የመጨረሻው 2.3 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋው ቁልፉ ላይ ይወጣል፦ 6 ኩቢት (መረጃዋንና አምስት ወጥመዶችን) በፓውሊ፣ ማለትም በመጀመሪያው ዘዴ፣ ለመመስጠር 12 ቢት ሲበቃ፣ ክሊፎርዱ 90 ቢት ገደማ ይጠይቃል።

ትልቁ ስህተቴ ክሊፎርዱን ለእያንዳንዷ ኩቢት ለየብቻ መምረጤ ነበር። እንዲህ ሲሆን መረጃዋ ላይ ያረፈ ጥቃት ወጥመዶቹ ጋ አይደርስም፤ አጥቂው ሁልጊዜ ያመልጣል። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ሙከራውን 0 በመላክ ብቻ ስለሠራሁ የዜድ ጉዳት አይታይም ነበር፣ ውጤቱም ካሰብኩት በላይ አማረ። መረጃዋን ላኪው ጋ ከምትቀር ሌላ ኩቢት ጋር በቤል ጥንድ (የልኬት ውጤታቸው የተሳሰረ ሁለት ኩቢቶች) አስተሳስሬ በመጨረሻ ጥንዱን ስለካ ነው እውነተኛው ቁጥር የወጣው። ውጤቱን ስታነቡ ቂስኪት ኩቢት 0ን በቀኝ ጫፍ እንደሚጽፍም አትርሱ።

ክሊፎርዱ ላይ የፓውሊ ምስጠራ መደረብ ከንቱ ድካም ነው፤ ፓውሊዎቹ ራሳቸው ክሊፎርድ ውስጥ አሉ። ለነገሩ ተመራማሪዎቹ ባርነም፣ ክሬፖ፣ ጎትስማን፣ ስሚዝና ታፕ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የኳንተም መረጃን ሳይመሰጥሩ ማሸግ ጨርሶ አይቻልም፦ ሁለት ሁኔታዎችን መለየት የቻለ አጥቂ በመለየቱ ብቻ ሱፐርፖዚሽናቸውን (ድብልቃቸውን) ያፈርሳል። በተራ መረጃ ግን ደብዳቤው ተገልጦ ማኅተሙ ብቻ ሊጠበቅ ይችላል።

የመስመር ጫጫታ ሌላ ጣጣ ነው። እያንዳንዷ ኩቢት 1 በመቶ የመሳሳት ዕድል ካላት፣ ከ6 ኩቢት ጭነት ወደ 6 በመቶው ያለ ምንም አጥቂ ስህተት ያገኘዋል፤ አብዛኛውም ይጣላል። ስለዚህ መጀመሪያ አሽጌ፣ የስህተት ማረሚያውን ኮድ ከውጭ አለበስኩት።

የተጣለ ጭነት ደግሞ ቅጂ የለውም፤ ኩቢትን መቅዳት አይቻልም። አሁን መረጃውን ራሱን አልክም። የቤል ጥንድ ግማሹን አሽጌ እልካለሁ፤ ፍተሻውን ካላለፈ የሚባክነው ጥንዱ ብቻ ነው፤ ሌላ ይላካል። ካለፈ መረጃውን በቴሌፖርቴሽን (በቤል ጥንድና በሁለት ተራ ቢቶች የኩቢትን ሁኔታ በማዛወር) አሻግራለሁ፣ ተከትለው የሚሄዱትን ሁለት ተራ ቢቶች በተለመደው የመልእክት ማረጋገጫ ኮድ አሽጌ።