ይሄ የማን ቃል ነው?

ያን ክረምት ደሴ ከቤተሰቦቼ ጋር ነበርኩ። ኤምካት ልፈተን ሦስት ወር ቀርቶኛል። አሜሪካና ካናዳ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደው ፈተና ነው። ባዮሎጂውና ኬሚስትሪው ብዙም አላሳሰበኝም። ያስለቀሰኝ ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ነው፦ 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ምንባቦቹ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ማኅበረሰብ ናቸው። ሽምደዳ አያዋጣም፤ መልሱን የምታገኙት ከዚያው ከጽሑፉ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም እጽፍ ነበር። ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ምሳሌ፣ ምንም አይቀረኝም። ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ የሚደርሰው 10 ደቂቃ ነው። እኔ ማስታወሻ ስጽፍ ብቻ አራቱ ያልቃሉ። በመጀመሪያው ልምምድ ከ53ቱ 24 ተሳሳትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ መብራትም የለም። ፒያሳ ያሳተምኩትን ምንባብ ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። አጎቴ አጠገቤ አቦሉን ይጠብቃል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠራው።

"እስቲ ምን ይላል?" አለኝ።

ገጽ ሙሉ ማስታወሻዬን እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ይሄ የማን ቃል ነው? የከሳሽ ነው የተከሳሽ?" አለ።

መልስ አጣሁ።

"አብሽሪ፣ እንደገና አንብቢው።"

ምንባቡ ስለ ከተማ ግንባታ ነበር። ደግሜ ሳየው ጸሐፊው ሁለት አንቀጽ ሙሉ የሌሎችን ሐሳብ ነው የሚያስረዳው። እኔ ሁሉንም የእሱ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች አውጥቼ አየሁ። ብዙዎቹ ላይ የመረጥኩት መልስ ምንባቡ ውስጥ ቃል በቃል አለ፤ ግን የተቃዋሚው ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ እንዲህ ሆነ፦

ተቺዎች፦ አዲስ ሕንፃ ትዝታ ያጠፋል
ጸ፦ ግን!
ገበያው፦ የጸ ምስክር
ጸ፦ ትዝታ ድንጋዩ ላይ አይደለም፣ ሰው በሚውልበት ነው

በቃ። "ጸ" ጸሐፊው ነው። ስምና ዓመት አልጽፍም፤ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ስላለ ቀለም ቀብቼው አልፋለሁ። "ግን"፣ "ይሁን እንጂ" የሚል ቃል ሲመጣ ግን እጄ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የራሱን አቋም የሚያወጣው እዚያ ጋ ነው።

ምንባቡ እንግሊዝኛ ሆኖ ማስታወሻዬን በአማርኛ መያዜ በጣም ረድቶኛል። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ሳይገባኝ መገልበጥ እችላለሁ። በአማርኛ ግን ያልገባኝን ነገር በሦስት ቃል ማስቀመጥ አልችልም። ብዕሬ ከቆመ፣ አልገባኝም ማለት ነው፤ ያንን አንቀጽ ብቻ እመለስበታለሁ።

ሌላም አለ። ፈተናው ክፍል የራስን ወረቀት ማስገባት አይቻልም። የሚሰጠው የተለበጠ ሰሌዳና ማርከር ነው። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሁለት ነጭ ወረቀት ላሚኔት አስደረግኩና ቀጭን ማርከር ገዛሁ። በማርከር ሲጻፍ ፊደሉ ይገዝፋል፤ ማሳጠር ግድ ይሆናል። በእርሳስ ብቻ ተለማምጄ ብገባ ኖሮ ፈተናው ቀን እደናገር ነበር።

ክርክር የሌለባቸው፣ አንድ ሰው ዝም ብሎ የሚተርክባቸው ምንባቦች አሁንም ይከብዱኛል። እነሱ ላይ በየአንቀጹ አንድ ቃል ብቻ እጽፋለሁ፦ ያዝናል፣ ያደንቃል፣ ይጠራጠራል።

ከፈተናው እንደወጣሁ ለአጎቴ ደወልኩ። ምን መጣ ብሎ ጠየቀኝ። የጥያቄዎቹን ይዘት ለማንም መናገር ክልክል ነው አልኩት። "ደግ፣ የመዝገብ ምስጢር ነው" አለና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።