አዳማ ላይ ማርትሬዛ ፍለጋ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሳው ሚኒባስ በፈጣን መንገዱ አዳማ ሲያደርሰን ገና ረፋድ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ጀምሯል። የያዝኩት ዕቃ ጥቂት ነው፦ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ የኪስ ሚዛን፣ ካሊፐር (የውፍረትና የስፋት መለኪያ)፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማግኔት፣ ቀጭን ክርና የፕላስቲክ ብርጭቆ። ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን የድሮውን ጠገራ ብር፣ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከዚህ ባያሳንስ እመክራለሁ።

ባጃጁ ገበያው አጠገብ ካለ የብር ጌጥ ቤት አወረደኝ። ባለሱቋ እናት ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው አራት ጠገራ ደረደሩልኝ። «ልጄ፣ የጥንት ነው፤ ዓመቱን አንብበው» አሉኝ።

ዓመቱ በአራቱም ላይ 1780 ነው። የዚህ ብር ዓመት ግን ዕድሜውን አይናገርም። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 በፈረንጆች አቆጣጠር ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት መቀረጹ ቀጠለ፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደው ያንን መልክ ስለነበረ ሌላ አይቀበልም። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 ከመገበያያነት ካወጣችው በኋላ እንኳ ቪየና ለእኛ አካባቢ ገበያ ታትም ነበር። በ1935 ሙሶሊኒ ማተሚያ ቅርጹን ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም አትመዋል። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው የሁለት መቶ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ የ1950ዎቹም ሊሆን ይችላል። ከምሰበስባቸው ሁሉ እሱን የማስበልጠው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን አንብበህ አታልፈውም፣ አካሉን መመርመር አለብህ።

መጀመሪያ ሚዛን። ትክክለኛው 28.07 ግራም ነው፤ ከዚህ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ። አንደኛው 28.02 መዘነ። ሁለተኛው 27.61፤ ጉንጯና ፀጉሯ ተፍቋል፣ ስለዚህ ጉድለቱ የመዳሰስ ነው። አራተኛው 24.90 ብቻ ሆነ፣ ፊቱ ግን አልተፋቀም። ሳይፋቅ የቀለለ ብር መጠርጠር አለበት።

ቀጥሎ ውኃ። ብርጭቆውን ውኃ ሞልተህ ሚዛን ላይ ታስቀምጥና ወደ ዜሮ ትመልሰዋለህ፤ ከዚያ ብሩን በክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ ታጠልቀዋለህ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ብሩ የገፋው ውኃ ነው፤ ክብደቱን ለዚያ ስታካፍል የሚወጣው የብሩ እፍጋት ነው፤ ለትክክለኛው 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። አንደኛው 2.75 አሳየ፣ 10.19 ወጣ። አራተኛው 2.93 አሳየ፣ 8.5 ወጣ፤ ብር የተቀባ ነሐስ ማለት ነው። ማግኔት ነሐስንም ብርንም ስለማይስብ እዚህ ላይ አይረዳም፤ የሚያጋልጠው ብረት ያለበትን ብቻ ነው። ብሩ የብርጭቆውን ታች ከነካ ልኬቱ ይበላሻል፤ የአየር አረፋ ከተጣበቀበትም ከእውነቱ ቀሎ ይታያል። ቬንቲሌተር ካለ ማስጠፋት ግድ ነው፣ ነፋሱ ቁጥሩን ያወዛውዘዋል።

ከዚያ ጠርዙ። እዚያ ዙሪያውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ላቲን ተቀርጿል፣ ፍትሕና ርኅራኄ ማለት ነው። አራተኛው ላይ ፊደሉ የለም፤ በምትኩ ቀልጦ በሁለት ቅርጽ መሐል ሲፈስ የቀረ መስመር ይታያል። ጥንት የሚቀበሉት ሰዎችም ዝም ብለው አይወስዱም ነበር፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች፣ ከደረቷ በታች ያሉትን የጉንስቡርግ ከተማ ገንዘብ ማተሚያ ሹማምንት የስም መነሻ ፊደላት፣ ኤስና ኤፍን፣ አይተው ነው የሚቀበሉት።

ልቤን የወሰደው ሦስተኛው ነው። ከራሷ በላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ 30.40 መዘነ፣ ውኃው ውስጥ 2.99። ብየዳው ክብደቱን ስለቀየረው ሚዛን ብቻ አይበቃውም፣ የውኃው ልኬት ግን 10.17 አወጣ። ንስሩ ያለበት ጀርባ ልብስ ላይ ሲፋተግ ኖሮ ልሙጥ ሆኗል፣ ፊቷ ግን እንደተሳለ ነው። አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ለዓመታት አንጠልጥላዋለች። ለዋጋ ማውጫ ብየዳ ጉድለት ነው፤ ለእኔ ግን ይህ ብር በአገራችን ምን እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው። ማንጠልጠያውን አስነቅላለሁ የሚል ካለ ይተው፤ እሳቱ የጠርዙን ፊደል ያጠፋዋል።

«በሎሚና በአመድ ላጥራልህ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ጥቁረቱን ይተዉልኝ» አልኳቸው። ፍተጋው ከጥቁረቱ ጋር የላይኛውን የብር ቆዳ ይዞ ይሄዳል፣ የተቧጨረው አይመለስም።

በግራም ተስማማንና ገዛሁት። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ይለቅበታል፣ የጎማ ላስቲክ ደግሞ ያጠቁረዋል።

ከመመለሴ በፊት አሮጌውን ባቡር ጣቢያ አየሁ። ሐዲዱ በፈረንጆች 1917 አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ብሩ ከባሕር ዳር ወደ መሐል አገር በግመልና በበቅሎ ነበር የሚመጣው፤ ሺህ ማርትሬዛ 28 ኪሎ ነው። ከዚያ በሚኒባስ ተመለስኩ። የቀረኝ የንስሩን ጭራ ላባዎችና ከ1780 ቀጥላ ያለችውን ትንሽ መስቀል በጥሩ ብርሃን ማየት ነው፤ የታተመበትን ከተማ ለመለየት የሚረዱት እነዚያ ናቸው፣ ጭራው ግን ተፍቋል።