ተርሚናሌ ቀለም አገኘ
ዛሬ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነው የዋለው። በእንዲህ ያለ የደሴ ብርድ የት ይኬዳል? ቤቴ ቁጭ ብዬ ተርሚናሌን (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የምሰጥበትን መስኮት) ቀለም ሳስይዝ ዋልኩ።

ቪም (ኮድ የምጽፍበት ፕሮግራም) ውስጥ ኮዱ ሁሉ ደብዝዞ አስጠልቶኝ ነበር። ተርሚናሉን ስንት ቀለም እንደሚያሳይ «ቲፑት ከለርስ» በሚለው ትእዛዝ ስጠይቀው 8 አለኝ። ስምንት! በዚህ ዘመን?

ለካ ተርሚናሉ ጤነኛ ነው። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍልልኝ ፕሮግራም) መሃል ገብቶ ራሱን «ስክሪን» በሚባል ባለ 8 ቀለም ተርሚናል ስም ያስተዋውቃል። ፕሮግራሞቹም አምነውት በ8 ቀለም ይሠራሉ። የቲመክስ ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይል ላይ የተርሚናሉን ስም «ቲመክስ-256ከለር» አልኩትና ቲመክስን ከነሰርቨሩ ዘግቼ ከፈትኩ። 256 መጣ! 16ቱ የድሮዎቹ መሠረታዊ ቀለሞች ናቸው። 216ቱ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ይቀመማሉ፤ ሦስቱም እያንዳንዳቸው 6 ደረጃ አላቸው። 24ቱ ግራጫ ነው። ግራጫ እንኳ ደሴ በክረምት በነጻ ታድላለች 😄

ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም የሚያሳየውን ለነገ አቆይቼዋለሁ።

ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛዬ ፎቶ ላኩለት። «ኮዱስ ይሠራል?» አለኝ። ምቀኛ!