ለሞተሬ የሚስማማኝን መሪ እንዴት እንዳገኘሁ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ደጀን ስገባ የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ደንዝዘው የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉኝ ነበር። መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እኔ ግን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ እንደ መሆኔ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ከወረዳ ወረዳ የምመላለሰው በሞተር ሳይክል ስለሆነ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ጣቶቼ በወጉ አይታዘዙኝም ነበር። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 150 ሲሲ ነው፤ የእኔ ቁመት ደግሞ 1 ሜትር ከ82 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀደም ሲል የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ ዲቲ 125 ስነዳ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ስለማያውቅ፣ የዲቲውም መሪ ሰፊና ከፍ ያለ ስለነበር፣ ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ ሞተር ዝቅተኛ መሪ ላይ ጣልሁት።

በዚሁ ግምት ለሥራ አዲስ አበባ በሄድሁበት አጋጣሚ መርካቶ ገብቼ ያገኘሁትን ከሁሉ ከፍ ያለ መሪ ገዛሁ። የለካሁት ነገር አልነበረም፤ ሜትር የዘረጋሁት ገንዘቡን ከፍዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ከመታሰሪያው እስከ ጫፉ ያለው ከፍታ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ነጂው የሚመለስበት ርቀት ደግሞ 21 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ነባሩ መሪ 9 እና 13 ብቻ ነበረው። የሰፈራችን ወጣት መካኒክ በግማሽ ሰዓት ገጠመልኝ፤ ለጥቂት ቀናትም በከተማው ውስጥ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ስነዳ ሰጋር በቅሎ ላይ የወጣ ባላባት የሆንሁ መሰለኝ።

ደስታዬ ዓባይ በረሃ ላይ አለቀ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ስወርድ፣ አንድ ጠባብ ኩርባ ላይ ፍጥነቴን ቀንሼ መሪውን ወደ ግራ አጥብቄ ባዞርሁበት ቅጽበት፣ እኔ ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ በራሱ ጮኸና ወደ ፊት ገፋኝ። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ። ኋላ ላይ ሳየው መሪው ከፍ በማለቱ የነዳጅ መስጫው ካቦ አጥሮ ነበር፤ ወደ ግራ ሲዞር ይወጠርና አንድ ሰው እንደ ጠመዘዘው ሆኖ ለሞተሩ ነዳጅና አየር የሚያቀብለውን ካርቡሬተር ይከፍታል። የፊት ፍሬኑም ቱቦ እንዲሁ ተወጥሮ ነበር። መሪ የሚቀይር ሰው ሁሉ ሞተሩን በቆመበት አስነሥቶ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ማዞርና የሞተሩ ድምፅ አለመለወጡን ማዳመጥ አለበት፤ ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ እኔም መካኒኩም ግን አላደረግነውም።

ድልድዩን ተሻግሬ ጎሐ ጽዮን ከወጣሁ በኋላ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላው ችግር መጣ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነፋሱ ደረትን ይገፋል፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከነፋሱ ጋር የሚታገለው መሪውን ወደ ራሱ በመሳብ ስለሆነ፣ ቀድሞ እጄን ያሳመመኝ ጫና አሁን ወደ ትከሻዬና ወደ ወገቤ ዞረ። ክብደቴ ወደ ኋላ በመሸሹም ጠጠር ላይ ስገባ የፊት ጎማው የቀለለና የሚንሸራተት ይመስለኝ ጀመር። ጣቶቼም መደንዘዛቸውን አልተዉም።

የጣቶቹን ነገር ያስረዳኝ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሠራ ወዳጄ ነው። ትንሿንና የቀለበት ጣትን የሚያዝዘው ነርቭ ከክርን ወርዶ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ሥር ያልፋል፤ የሰውነት ክብደት በመዳፉ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሲያርፍና የሞተሩ ንዝረት ሲጨመርበት ይህ ነርቭ ይጨቆናል። አውራ ጣት፣ አመልካችና የመካከለኛው ጣት ከደነዘዙ ግን የተጫነው በእጅ አንጓ መካከል የሚያልፈው ሌላው ነርቭ ነው፤ እሱም የሚጎዳው አንጓው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ታጥፎ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው። እንግዲህ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ማስተዋሉ ብቻ መሪው በየት በኩል እንዳልተስማማ ይነግራል ማለት ነው። የእኔ ነባር መሪ ጥፋቱ ዝቅታው ብቻ ሳይሆን ጫፎቹ የያዙት አቅጣጫ ነበር፤ መዳፌ በጠርዙ እንጂ በሙሉ ስፋቱ አልተቀመጠም ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሄድሁ። ታሪኩን ነግሬያቸው ስጨርስ፣ «ልጄ፣ መሪ ከመግዛትህ በፊት ያለህን መሪ አዙረህ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ነባሩን መሪ መልሰው ገጠሙልኝና አራቱን ብሎኖች አላልተው ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት አዞሩት፤ ቀጥለውም የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታዎች፣ ጣቶቼን ስዘረጋ ከክንዴ ጋር ቀጥ ያለ መስመር እስኪሠሩ ድረስ ወደ ታች አወረዷቸው። እጀታዎቹ ከፋብሪካ እንደ ወጡ በጣም ወደ ላይ ቀንተው ስለነበር ፍሬን በያዝሁ ቁጥር አንጓዬ ይቀለበስ ነበር። ምንም ዕቃ ሳልገዛ፣ ለእርሳቸው ድካም ብቻ ከፍዬ፣ ሕመሙ ግማሽ ያህል ቀነሰ። በዚያ ቀን በሁለት እጅ ያወጣሁት የመርካቶ ገንዘብ ትዝ ብሎኝ ተቃጠልሁ።

የቀረውን ግማሽ ለማስወገድ በዱላ ለካሁ። ሞተሩን በመካከለኛ ማቆሚያው አቁሜ፣ ቦርሳዬንና የሥራ ጃኬቴን ሳላወልቅ ተቀመጥሁና ዓይኔን ጨፍኜ እጆቼን ወደሚመቻቸው ቦታ ዘረጋሁ፤ በእያንዳንዱ እጄ አጭር የባሕር ዛፍ እንጨት ይዣለሁ። ታናሽ ወንድሜ በሜትር ሲለካ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ እጆቼ ከነባሩ መሪ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ነበር፤ እኔ የገዛሁት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ ነበር። ሁለተኛ፣ ዘና ብሎ የተጨበጠ እንጨት ከሌላኛው ጋር አንድ ቀጥተኛ መስመር አይሠራም፤ የውጭ ጫፎቹ ትንሽ ወደ ነጂውና ወደ ታች ያዘነብላሉ። ይህንኑ ልኬታ ቆሜም ደገምሁት፤ ከደጀን ወደ ቢቸና አቅጣጫ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስገባ በእግር መርገጫዎቹ ላይ ቆሜ የምነዳበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ቆሞ ጀርባን የሚያጎብጥ መሪ ተቀምጦ ቢመችም አይጠቅመኝም። ስፋቱን በተመለከተ ከትከሻዬ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ወሰንሁ፤ ሰፊ መሪ ጭቃ ላይ ጉልበት ይሰጣል፣ ከልክ ካለፈ ግን ሲዞር የሩቁን እጅ ጎትቶ ትከሻን ያነሣል፣ በባጃጆች መካከልም አያሳልፍም።

ልኬታዬን በወረቀት ይዤ ስፈልግ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርሁ። የመያዣ ጎማዎቹ የሚገቡባቸው የመሪው ጫፎች 22 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ መካከሉ ግን እንደ እኔው ሞተር 22 የሆነም፣ ወፈር ብሎ 28 የሆነም አለ። ያማረኝ መሪ ባለ 28 ነበረ። ሻጩ መሪው የሚታሰርበትን ብረት «ማቀፊያውን ቶርኖ ቤት ወስደን እናሰፋዋለን» ቢለኝም እምቢ አልሁ፤ ሌላው ደግሞ ነባሩን ቆርጦ በብየዳ ለማስረዘም ተነሣ። ፍሬን ሲያዝ የሰውነት ክብደት ሁሉ የሚያርፍበትን ብረት መፋቅም መበየድም አልደፍርም። ከሁለት ወር በኋላ ከፍታው 13፣ ወደ ነጂው የሚመለስበት ርቀት 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱም ከማቀፊያዬ ጋር የሚገጥም የብረት መሪ አገኘሁ።

ይህን ራሴ ገጠምሁት። በመሪው ላይ ያለችውን የነጥብ ምልክት ከማቀፊያው መገጣጠሚያ ጋር አገናኘሁ፤ የሞተሩ መመሪያ እንደሚያዝዘውም የፊተኞቹን ብሎኖች አስቀድሜ አጥብቄ የማቀፊያው ክፍተት ከኋላ በኩል እንዲቀር አደረግሁ። ካቦዎቹን ሳልዘረጋቸው በአዲስ መንገድ አሳለፍኋቸው፤ መሪውንም ሞተሩ እየሠራ ከዳር እስከ ዳር አዞርሁት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ስነካካቸው አንዱ ላልቶ ነበር።

አሁን ደጀን ስደርስ ጣቶቼ የእኔው ናቸው፤ ስፖኪዮው ግን በንዝረቱ ምክንያት ዛሬም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ምንም አያሳየኝም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ66 የሆነው ታናሽ ወንድሜ ሞተሩን ሲዋስ መሪውን ወደ ኋላ ስለሚያዞረው፣ በማቀፊያው አጠገብ ለእኔ ነጭ፣ ለእሱ ቀይ መስመር በቀለም አሰመርሁ። ወደ ነጩ ሳይመልስልኝ የቀረ እንደሆነ፣ መስመሩን ጎንበስ ብዬ ከማየቴ በፊት ትንሿ ጣቴ ትነግረኛለች።